ለምኖ የመጣ ይመለሳል፣ ጠልፎ የመጣ ይታረቃል!

ጥቅምት ላይ፣ በአንድ የእሁድ ጠዋት፣ ይህ ጸሐፊ ሽማግሌ ሆነ። አትሳቁ! ዕድሜዬ ገና ሠላሳ ስድስት ነው፤ ሽበት የለኝም፤ ትዳርም የለኝም። ዳሩ ግን የአንድ ወዳጄ ሦስተኛ ሽማግሌ ለጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው ከደረጃ ወድቆ እግሩ ወለም አለውና “ሁለት ሆኖ አይኬድም፣ ነውር ነው” ተባለ። ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ የለም። ኮቴን ለበስኩ፤ የአባቴን ጋቢ ደረብኩ፤ ጢሜንም ዕድሜ ይጨምርልኝ ብዬ ሳልላጭ ቀረሁ። ዋናው ሽማግሌ የሰፈራችን የዕድር ዳኛ ናቸው። ታክሲ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “አንተ ልጅ፣ እዚያ ቤት አፍህን እንዳትከፍት! ራስህን ብቻ ነቅነቅ አድርግ” አሉኝ። እሺ አልኩ። እዚያ ቤት አፌን አልከፈትኩም። የምከፍተው ዛሬ፣ እዚህ ጋዜጣ ላይ ነው።

ቤቱ ጉለሌ ነው። አባትየው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሳሎኑ ጥርት ያለ ነው፤ ግድግዳው ላይ የልጅቱ የምረቃ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ከጓዳ የሚቆላ ቡናና የዕጣን ሽታ ይመጣል። ደጁ ላይ ትንሽ ቆመን፣ ግቡ ተብለን ገባን። ዋናው ሽማግሌ እንደ ወጉ ብድግ ብለው “ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን፣ ልጃችንንም እንደ ልጅዎ እንዲቀበሉን ነው የመጣነው” አሉ። አባትየው “እሺ፣ ተቀመጡ” አሉና ጠየቁ። የልጁ ስም? ተነገራቸው። ሥራው? የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር። ጸባዩ? ሽማግሌው እግዜር ይስጣቸው፣ ልጁን መልአክ አድርገው አስቀመጡት።

“እሱን ሰማሁ። ከየት ነው?”

“ከኮልፌ።”

“ሰፈሩን አይደለም የጠየቅኩት።”

ሽማግሌው ገብቷቸዋል፤ ግን ብልጥ ናቸው። “እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ የኛው ልጅ ነው” አሉ። አባትየው ዝም ብለው አዩዋቸው። ከዚያ “አባቱ ማን ይባላል?” አሉ። ተነገራቸው። “አያቱስ?” ተነገራቸው። አያትየው ስም ላይ ሲደርሱ ነው የሰውየው ፊት የጠቆረው። በቃ! አምስት ዓመት የተዋደዱ ሁለት ሰዎች በአንድ የሞተ ሰው ስም ላይ ተሰናከሉ። “ቤተ ዘመድ ላማክር፤ ለወሩ ተመለሱ” ተባልን። ቡናው ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ሽታው አፍንጫችንን ሰነጠቀው እንጂ አልወጣም። በእንዲህ ያለ ቤት ቡና ካልወጣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሽማግሌ ሆኖ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን እናንተ የልጁ ዘር ምን እንደሆነ፣ የልጅቱስ ምን እንደሆነ ለማወቅ አሰፍስፋችኋል አይደል? አልጽፍም! ብጽፈው ግማሻችሁ “ሰውየው እውነታቸውን ነው” ልትሉ፣ ግማሻችሁ ደግሞ “እነሱማ እንዲህ ናቸው” ልትሉ ነው። ስሙን ቀያይራችሁ በየትኛውም ቤት አስቀምጡት፤ ያው ነው።

የሃይማኖት ነገር ነው እንዳትሉኝም ልቅደማችሁ። ሁለቱም የሚሳለሙት አንድ ደብር ነው። የተዋወቁትም እዚያው ሰንበት ት/ቤት ነው። ልጅቱ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነች። የተቀመጥንበትን ሶፋ የገዛችው እሷ ነች። የአባቷን የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ የምትገዛው እሷ ነች። ታናሽ ወንድሟን ኮሌጅ ከፍላ ያስተማረችው እሷው ነች። እንግዲህ ይህን ሁሉ ስታደርግ ዘሯን የጠየቃት የለም።

እስቲ አስቡት። ይህች ልጅ ባህል የሚባለውን የቱን አጎደለች? ሳታገባ ከሰው ጋር አልተቀመጠችም። አምሽታ አልገባችም። አምስት ዓመት ሙሉ ከማኪያቶና ከቤተ ክርስቲያን መልስ መንገድ በቀር የኔ የምትለው ቦታ አልነበራትም። ማዘጋጃ ቤት ሄዳ፣ ምስክር ይዛ፣ ፈርማ ብትወጣ የሚከለክላት ሕግ የለም፤ ግን አልሄደችም። “ሽማግሌ ላክ፤ አባቴ መርቀው ይስጡኝ” አለች። ልጁም ላከ። በየቤቱ “የዛሬ ሴት ልጅ ባህል አታውቅም፣ ሽማግሌ አታውቅም፣ ዘመኑ ተበላሸ” እየተባለ ይለፈፋል። በሬዲዮው ይለፈፋል፤ በየልቅሶ ቤቱ ይለፈፋል። ይኸው ባህል የምታውቅ መጣች! ሽማግሌም ተላከ! ታዲያ ሽማግሌውን ከበር የመለሰው ማነው? ባህሉን ያፈረሰው ማነው? ልጅቱ ናት ወይስ የባህሉ ጠባቂ ነኝ ባዩ?

ደግሞ የሚገርመው፣ ስሙ ሲጠራ የሚዋለው ባህል ራሱ የሚለው ሌላ ነው። አያቶቻችን ሊያጋቡ ሲሉ ዘር ይቆጥሩ ነበር፤ አዎ። ሰባት ቤት ይቆጥሩ ነበር። ግን ለምን ነበር የሚቆጥሩት? እንዳይቀርብ ነዋ! ሰባት ቤት ድረስ ዘመድ ሆኖ ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። በኦሮሞም ዘንድ ከገዛ ጎሳ አይጋቡም። ቆጠራው ልጅን ወደ ሩቅ ለመስደድ፣ ባዕዱን ዘመድ ለማድረግ የተሠራ ነው። ዛሬ ያንኑ ቆጠራ ገልብጠን ያዝነው። አያት ይቆጠራል፤ ቅርብ ሆኖ ከተገኘ እልል፣ ሩቅ ሆኖ ከተገኘ ቡና አይወጣም። ይህን ባህል ብሎ የሚጠራ ሰው አያቱን አያውቅም ማለት ነው።

የድሮ ትምክሕት አልነበረም አላልኩም። አጥንት ቆጠራ፣ የባላባት ልጅ፣ የሸማኔ ልጅ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ እየተባለ ስንቱ ተለያይቷል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት “ፍቅር እስከ መቃብር” ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻን የሳሉት ለዚህ ነው። ሰውየው ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የመጣውን ባል ሁሉ አጥንቱ አይመጥንም እያሉ ሲመልሱ ልጅቱ ቆማ ቀረች። ወጋየሁ ንጋቱ ያን መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተርከው አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ያዳምጥ ነበር ይባላል። የኛው የጉለሌው ሹፌርም መኪናቸውን ዳር አቁመው ያዳምጡ እንደነበር፣ ሰብለ ላይም እንዳለቀሱ ሚስታቸው በኋላ ለዋናው ሽማግሌ ነግረዋቸዋል። አይ ጊዜ! ለሰብለ ያለቀሱ አባት፣ ዞረው ዞረው ፊታውራሪ መሸሻ ሆነው አረፉት።

ሃይማኖቱም ቢሆን ለዚህ ነገር ሽፋን አይሆንም። ፍትሐ ነገሥት ጋብቻ ያለ ተጋቢዎቹ ፈቃድ አይጸናም ይላል። በእስልምናም ኒካሕ የሙሽሪትን ፈቃድ ይጠይቃል። አሁን ያለው ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 34 ላይ ወንድና ሴት በዘር፣ በብሔር፣ በብሔረሰብ ወይም በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው የማግባት መብት አላቸው፣ ጋብቻም በሁለቱ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ይመሠረታል ይላል። ይህን አንቀጽ ያነበበ አባት ስንት ነው? የጻፈው መንግሥትስ ስንቱን አንብቦለታል? ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ሕዝብ ሲነገረው የኖረው አንቀጽ 34ን አይደለም። ሲነገረው የኖረው ብሔሩን ነው። መታወቂያ ሲያወጣ “ብሔር?” ተብሎ ተጠየቀ፤ ሥራ ሲፈልግ በዘወርዋራ ተጠየቀ፤ አውቶቡስ ላይ በሚናገረው ቋንቋ ተመዘነ። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. ፈርሶ ብልጽግና ሲተካ ጥያቄው አብሮ አልፈረሰም። አሁን ፋይዳ የሚባለው መታወቂያ ብሔር አይጠይቅም፤ ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ እንመሰክራለን። ግን መታወቂያው መጠየቅ ሲተው አባት ጠያቂ ሆነ!

“ይህ ጋዜጣ ሁሉን ነገር በመንግሥት ላይ ነው የሚያላክከው” የምትሉን አላችሁ። ዛሬስ አይደለም። ዛሬ ግማሹን ብቻ ነው። እሁድ ጠዋት በራሱ ሳሎን፣ በልጁ ገንዘብ በተገዛ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ “አያቱስ?” ብሎ የሚጠይቀውን ሰው ካድሬ አልላከውም።

እዚያው ሰፈር፣ ሦስት ቤት አልፎ የሆነውን ልንገራችሁ። በገና ሰሞን አንድ ሰው ከአሜሪካ መጣ። ልጅቱን ያየው በስልክ ነው፤ ቤተ ሰቡ እሱን ያየው በፎቶ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀለበት፣ ሠርግ፣ መልስ ሁሉ ተጠናቀቀ። አያቱን የጠየቀ የለም። የተጠየቀው ነገር ወረቀቷ መቼ እንደሚደርስ ነበር። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለኮልፌው መምህር ብቻ ነው ማለት ነው። ባሕር ከተሻገሩ አጥንት ይቀልጣል መሰለኝ። (ለባልና ሚስቱ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ፤ ነገሬ ከቆጣሪዎቹ ጋር ነው።)

ለሁለተኛው ቀጠሮ ኅዳር ላይ ተመለስን። አሁን አባትየው ተዘጋጅተው ነበር የጠበቁን፤ ፍርድ ሳላዛባ ያሉትን ላቅርብ። እኚህ ሰው ክፉ ሰው አይደሉም። ሠላሳ ዓመት በከባድ መኪና አገሩን አቋርጠዋል። ከአሰብ እስከ ሞያሌ ያልበሉበት ቤት፣ ያላደሩበት መንደር የለም። “እኔ ሰው ንቄ አይደለም” አሉ። “ሁሉም ቤት እንጀራ በልቻለሁ። ግን አይቻለሁ። በ1990 ጦርነቱ ሲነሣ ባልና ሚስት ሲለያዩ አይቻለሁ። ባል ወደዚያ ሲጫን፣ ሚስት ልጅ ይዛ እዚህ ስትቀር በዓይኔ አይቻለሁ። አሁንም በ2013 የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ልጄ ከማን ወገን ልትሆን ነው? የምትወልዳቸውስ ልጆች የማን ሊባሉ ነው? ዘር ከልጓም ይስባል።”

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለአፍታ አባቴን ያየሁ መሰለኝ። ይህ ጥላቻ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ያየውን ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ዋናው ሽማግሌም ቃል አጠራቸው።

ያኔ አፌን እንድከፍት ቢፈቀድልኝ ኖሮ ግን አንድ ነገር እጠይቃቸው ነበር። ጋሼ፣ እነዚያን ባልና ሚስት የለያያቸው ማነው? ፍቅራቸው ነው? ጋብቻቸው ነው? ስም ዝርዝር ይዞ፣ የአባትና የአያት ስም እየጠራ የለየ ሹም ነው እንጂ! እርስዎ ያንን አይተው አዝነዋል። ታዲያ ዛሬ እዚህ ሳሎን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘው ማነው? ያ ሹም የለያየው ከተጋቡ በኋላ ነበር፤ እርስዎ ሳይጋቡ ቀደሙት። የነገውን ክፉ ቀን ፈርቶ ዛሬውኑ ክፉ ቀን ማድረግ ምን የሚሉት ጥንቃቄ ነው? ልጆቻቸው የማን ይባላሉ? የእርስዎ የልጅ ልጆች ይባላሉ! ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

አልተናገርኩም። ራሴን ነቀነቅኩ። አባትየው “ጾም ሊገባ ነው፤ ከገና በኋላ” አሉ። ከገና በኋላ ሲደወልላቸው “ቤተ ዘመድ አልተሟላም” አሉ። ቤተ ዘመድ ሲሟላ ዐቢይ ጾም ገባ። በዚህች አገር ለቀጠሮ ማራዘሚያ የጾም ችግር የለም።

ያን ቀን በመልስ ታክሲ ውስጥ ነው ዋናው ሽማግሌ ሳያስቡት እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ያወጉኝ። “እኔ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ሳለሁ” አሉ፣ “አገር ቤት እያለሁ፣ ለአንድ ለጠለፈ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ ነበር። ያኔ ሥራው ቀላል ነው። ልጅቱ ከተወሰደች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። አባት ትንሽ ፎከረ፣ እናት አለቀሰች፣ ለካሣ ተነጋገርን፣ በዚያው ቀን ታረቅን። ጠላ ጠጥተን ነው የወጣነው። አንድም ቀን አልተቀጠርንም።” ከዚያ ዝም አሉ። የተናገሩት ለራሳቸውም የተሰማቸው መሰለኝ፤ እስከ ኮልፌ ድረስ አልተነፈሱም።

አያችሁ? ለምኖ፣ ጋቢ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ የመጣው በአያቱ ስም ይመለሳል። በጉልበት ወስዶ፣ ልጅቱን አዋርዶ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ሽማግሌ የላከው ጠላ ይቀዳለታል። የጠለፈውን “የማን ዘር ነህ?” ብሎ የሚጠይቀው የለም። ምክንያቱም ልጅቱ “ተበላሽታለች”፤ ሌላ ማን ይወስዳታል? የወደዳትን ሰው ዘሩ ያስቀረዋል፤ የደፈራትን ሰው መድፈሩ ያስገባዋል። ባህል ባህል ሲባል ይህች ናት መጨረሻዋ!

ይህንኑ ልጅቱ እንደምታስበው አላውቅም ነበር። ቀደም ሲል ከልጁ ጋር የሚገናኙበት የፒያሳ ማኪያቶ ቤት በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ተብሎ ስለፈረሰ አሁን የሚገናኙት ባገኙበት ነው። አንድ ቀን ከሥራ መልስ ሦስታችን ቆመን ታክሲ ስንጠብቅ፣ ልጁ ቴሌብር ሊልክ ፈንጠር ሲል፣ እሷ ወደኔ ዞር አለችና “ታውቃለህ?” አለች። “ጠልፎኝ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ አባዬ አማች ብለው ተቀብለውታል። ልጅ ወልደን ክርስትና ሁሉ ተነሥቶ ነበር።” ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የታነጸች፣ የታረመች፣ የጾመች፣ የጸለየች ልጅ በገዛ አገሯ ባህል ዘንድ ከፍቅረኛ ይልቅ ጠላፊ እንደሚከበር ቆጥራ ደርሳበታለች። ሒሳብ ሠራተኛ አይደለች? ሒሳቡን ሠርታ ነው።

ይህ ዝም ብሎ የቂም ንግግር አይደለም። ሕጋችን ራሱ ለዘመናት እንዲህ ይል ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 558 ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ሕጋዊ በሆነ ጋብቻ ካገባት፣ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ አይከሰስም ነበር። ማለትም ሽማግሌው ፈጥኖ ከደረሰና ካስታረቀ ወንጀሉ ሠርግ ይሆናል! እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የአሥራ አራት ዓመቷን ተማሪ አበራሽ በቀለን ከትምህርት ቤት መልስ ጠለፏት። ልታመልጥ ስትል በያዘችው ጠመንጃ ጠላፊዋን ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሞላት ፍርድ ቤት ራሷን ለመከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበታት። ታሪኩ “ድፍረት” የተባለ ፊልም ሆኖ በ2006 ዓ.ም. በውጭ አገር ታየ፤ ተሸለመም። ልጅቱ ግን በነጻ ተለቅቃም ወደ መንደሯ ገብታ እንደ ሰው መኖር አልቻለችም። ፍርድ ቤቱ ፈታት፤ ሽማግሌው አልፈታትም።

ሕጉስ ተለወጠ። የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ከአሥራ አምስት ወደ አሥራ ስምንት አወጣው። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ አንቀጽ 587 ላይ ጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፣ በኋላ መጋባታቸውም ከወንጀል ተጠያቂነት አያድንም አለ። ጎሽ! ይህን ለማድረግ ስንት ሴት እንደለፋች መዘንጋት ነውር ነው። ግን ሕጉ በሕግ መጻሕፍት መደብር ተለወጠ እንጂ በየሳሎኑ መች ተለወጠ?

“ይህ የገጠር ነገር ነው፤ እኛ ከተሜዎችን አይመለከተንም” የሚል አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ሐዋሳ ላይ የሆነውን ረሳችሁት? የባንክ ሠራተኛ የሆነች ወጣት፣ አስፋልት ባለበት፣ የትራፊክ መብራት ባለበት ከተማ ተጠለፈች። የተጠረጠረው ደግሞ የከተማው ከንቲባ ጠባቂ ነበር። አገር በሙሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ጮኾ፣ ከቀናት ፍለጋ በኋላ ነው የተገኘችው። ገጠር ነው ይህ? እጮኛ የነበራት ልጅ ነች፤ የመረጠችው ሰው ነበራት። ሌላው ግን “ፈልጌያታለሁ” አለ፤ በቃ። የሷ መምረጥ እንደ ምርጫ አልተቆጠረም። ይህን ያደረገው ሰውና “አያቱስ?” የሚለው አባት አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ ሰማይና ምድር ናቸው። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን አለ፤ ሁለቱም ልጅቱን አልጠየቋትም።

እውነቴን ነው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ፤ አያቱ ተጠየቁ፣ ደመወዙ ተጠየቀ፣ ሰፈሩ ተጠየቀ። ጓዳ ውስጥ ቡና የያዘችውን ልጅ “አንቺስ ምን ትያለሽ?” ብሎ የጠራት የለም። ዋናው ሽማግሌም አላሉም። እኔም፣ ዛሬ እዚህ ጋዜጣ ላይ የምፎክረው፣ አላልኩም።

ታክሲ ፌርማታው ላይ ግን “ለምን አትተዉትም? ለምን ሄዳችሁ አትፈርሙም? ሕጉ ካንቺ ጋር ነው” አልኳት። ከተሜነቴ መጣብኛ! ነጻ ላወጣት ፈልጌ ነበር። አየችኝ፤ ሞኝ ልጅ እንደሚታይ ዓይነት አስተያየት። “ባህሉ የአባዬ ብቻ ነው እንዴ?” አለችኝ። “እኔም እኮ ጉልበት ስሜ ተመርቄ መውጣት እፈልጋለሁ። እማዬ እልል እንድትልልኝ እፈልጋለሁ። ቅልቅል እፈልጋለሁ። ለምንድነው ወይ ፍቅሬን ወይ ወጌን ምረጪ የምትሉኝ? አንተም እንደ አባዬ ነህ፤ አንዱን ጣይ ነው የምትለኝ።”

ዝም አልኩ። ሽማግሌ ሆኜ ዝም ያልኩት ተመክሬ ነው፤ እዚያ ፌርማታ ላይ ዝም ያልኩት ግን መልስ አጥቼ ነው። እኛ ዘመናዊ ነን ባዮቹ ሴት ልጅን ነጻ እናወጣለን ስንል ባህሉን ለአባቶቿ አስረክበን እንወጣለን። የልጅቱ ጥያቄ ከዚያ ይከብዳል። ባህሉ የኔም ነው፤ ከእጄ አትውሰዱት ነው የምትለው።

አሁን ዐቢይ ጾም ላይ ነን። ሦስተኛው ቀጠሮ ለዳግማይ ትንሣኤ ተይዟል። እናትየው በዚህ መካከል አንድ ነገር እንዳደረጉ ሰምቻለሁ፤ አንድ ማታ አባትየውን “አንተ እኔን ስታገባኝ አያትህን ማን ጠየቀህ?” ብለዋቸው ሰውየው ራት ሳይበሉ ተኙ አሉ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ለዘብ ብለዋል የሚል ወሬ አለ፤ ወሬ ነው እንግዲህ፣ አላምንም አልክድም።

ባለፈው ሰኞ ዋናው ሽማግሌ ደወሉልኝ። “ያን ጋቢ አሳጥበህ ያዝ” አሉኝ። ያ እግሩ ወለም ያለው ሰውዬ ድኖ በሁለት እግሩ ይሄዳል፤ እሱን አስቀርተው የሚወስዱት ግን እኔን ነው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

“በዚህኛው ተራ አንተ ትናገራለህ” አሉኝ። “መጀመሪያ ግን ልጅቱ ከጓዳ እንድትጠራ እኔው ራሴ እጠይቃለሁ።”